ሲጠይቁን ለምን ዝም እንላለን?

«ሀገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንደበት የወጣ ነው እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ዛሬም ቢሆን በሃይማኖት ሰበብ ጭቅጭቅ ሊነሳ ሲል አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገብቶ ይህችን ቃል ጣል ካደረገ ነገሩ ይበርዳል። አባባሉን እወደዋለሁ። በሠፈራችን እድር ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ማንም የማንንም እምነት ሳይነካ አብሮ አልቅሶ አብሮ የሚበላው፣ ይህ ያልተጻፈ ስምምነት ስላለ ነው። ነገር ግን እኛ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች አባባሉን ለሌላ ዓላማም ስናውለው አያለሁ። ስለ እምነታችን ለመናገር ስንፈራ የምንከለልበት መጋረጃ አድርገነዋል፤ ከዚያ ጀርባ ስንሆን ፍርሃታችን ጨዋነት ይመስላል።

ስለ ፍርሃቱ ስንነጋገር አገሩን መርሳት የለብንም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 43.5 በመቶው ሕዝብ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ ከ18 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው እዚህ አገር ብርቅ ነው። እግዚአብሔር የለም ከሚል ጎረቤት ጋር መከራከር ሌላ ነገር ነው፤ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ኪዳን አድርሳ ለምትመለስ ጎረቤት «ኢየሱስን ታውቂዋለሽ?» ማለት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ስድብ ሆኖ ሊሰማት እንደሚችል አውቃለሁ፤ በእርሷ ቦታ ብሆን እኔም ይሰማኛል። ስለዚህ አንደበታችንን ከሚይዘው ነገር ከፊሉ ፍርሃት ሳይሆን አክብሮት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ክፍል «አሸንፉት» የሚል ስብከት ስሰማም ልቤ አይቀበለውም።

ስብከቱን የምታውቁት ይመስለኛል። በዓመት አንድ ጊዜ «የወንጌል ስርጭት ሳምንት» ይታወጃል፣ ሰባኪው «ስንት ሰው በእናንተ ዝምታ እየጠፋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጉባኤው አንገቱን ይደፋል፣ በስተመጨረሻም የስም መመዝገቢያ ወረቀት በየመደዳው ይዞራል። ቅዳሜ ትራክት ይዘን እንወጣለን። ታክሲ ተራው ላይ ሞንታርቦ ተተክሎ ገና መዝሙሩ ሳያልቅ ወረፋ የያዘው ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ወያላውም ከሞንታርቦው በላይ ለመጮኽ ይገደዳል። ሰኞ ቢሮ ስንገባ ግን በዚያው ልማዳችን ዝም ብለን እንቀመጣለን። በዚህ መንገድ ያመኑ ሰዎች ስላሉ አደባባይ የሚሰብኩትን ወንድሞችና እኅቶች አልንቃቸውም፤ ጳውሎስም በአቴና ገበያ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ይነጋገር ነበር። የእኔ ጥያቄ ለማናውቀው ሰው ቅዳሜ የደፈርነውን ያህል ለምናውቀው ሰው ሰኞ የማንደፍረው ለምንድን ነው የሚል ነው።

ለብዙ ጊዜ መልሱን የፈለግሁት ንግግር መጀመር ላይ ነበር። ወሬውን እንዴት ላንሳው? በየት በኩል ልግባ? አሁን ግን ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ እንደሆነ አምኜአለሁ። ሰዎች ይጠይቁናል፤ ከምናስበው በላይ ደጋግመው ይጠይቁናል፤ እኛ ነን የማንመልሰው።

ለምሳሌ የዐቢይ ጾምን የቢሮ ምሳ እንውሰድ። ስድስት ሰባት ሰው አንድ ትልቅ በያይነቱ አዝዞ ይከብባል። ጴንጤዎቹም ለወዳጅነት ሲባል የፍስክ ምግብ ሳያዙ አብረው ይቆርሳሉ። አንዱ ምስሩን እየጠቀለለ «እናንተ ግን ለምንድን ነው የማትጾሙት?» ይላል። ለስንት ዓመት የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «እኛማ ደመወዝ እስኪደርስ ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ነን» ብለን እናስቃለን፣ ሰውም ይስቃል፣ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል። ወይም ደግሞ አንደኛችን ቆጣ ብሎ «እኛም እንጾማለን፤ ጾም የሥጋና የቅቤ ጉዳይ አይደለም» ይላል፤ ገበታውም ይቀዘቅዛል። ሁለቱም መልሶች የተጠየቀውን አይመልሱም። ጠያቂው እግዚአብሔርን እንዴት እንደምንፈራው፣ ሰውነታችንን በምን እንደምንገዛ፣ ከእርሱ ጋር የምንጋራው ነገር ይኑር አይኑር ለማወቅ ፈልጎ ነበር። ቀልዱም ቁጣውም በሩን ዘጋበት።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። በዕድሜ የገፉ፣ እንደ እናት የምናያቸው የሥራ ባልደረባ «ማርያምን አትወዷትም አይደል?» ብለው ሲጠይቁ በድምፃቸው ውስጥ ያለው ክርክር ሳይሆን ኀዘን ነው። ስለ እናታቸው ክፉ ሲወራ የሰሙ ያህል ነው የሚጠይቁት። ይህን ጊዜ ወደ ትምህርተ መለኮት ልዩነት ሮጦ መግባት ይቻላል፤ ብዙዎቻችን የሠለጠንነውም ለዚያ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ሳንሸሽግ አስቀድመን መናገር የሚገባን እውነት አለ፤ ራሷ በሉቃስ ወንጌል «ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል» እንዳለች እኛም ብፅዕት እንላታለን፣ መልአኩን «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ያለችበትን እምነት ለራሳችን እንመኘዋለን። እኛ ይህን ዋጥ አድርገን ከልዩነቱ የምንጀምረው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አንድ የጋራ ነገር ካመንን የተሸነፍን ይመስለን ይሆናል።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ለተበተኑ ምእመናን ሲጽፍ «በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ፥ ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ይህ ጥቅስ በስብከቶቻችን የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለክርክር ዝግጅት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጸሐፊው ማን እንደሆነ ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ ተጠይቆ ነበር። የጠየቀችው አንዲት ገረድ ነበረች፤ ጉባኤ አልነበረም፣ ዳኛ አልነበረም፣ ሰይፍ የመዘዘም አልነበረም። «አንተ ደግሞ ከገሊላው ከኢየሱስ ጋር ነበርህ» አለችው፤ እርሱም ካደ። ከጥቂት ሰዓት በፊት በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ የቆረጠው ይኸው ሰው ነው። ድፍረት አልጎደለውም፤ ያቃተው እሳት ዳር ለተነሣ ተራ ጥያቄ ቀና መልስ መስጠት ነው። «ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ» የሚለው ቃል ከእንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ ክብደቱ ይለያል። «ሁሉ» ውስጥ ገረዲቱም አለችበት።

ታዲያ ስንጠየቅ ምን ይይዘናል? ይሉኝታው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ትልቅ ምክንያት የምናወራው ነገር ያለን ስለማይመስለን ነው። ምስክርነት ሲባል በቤተ ክርስቲያን መድረክና በቴሌቪዥን ጣቢያ የምንሰማው ዓይነት ነገር ይታወሰናል፤ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባት ተነሣች፣ ቪዛ የተከለከለው ተሳካለት፣ አሥር ዓመት የጠጣው በአንድ ሌሊት ተወው። እግዚአብሔር እንዲህ ማድረግ እንደሚችል አምናለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ምስክርነት ሲደጋገም ተራውን አማኝ ባለ ታሪክ እንዳልሆነ አሳምኖታል። በክርስቲያን ቤት ተወልዶ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አድጎ፣ ጫት ሳይቅም ሲጋራ ሳያጨስ ያደገ ሰው «እኔማ ምን አለኝና» ብሎ ይቀመጣል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ያለው ሰው ዕውር ሆኖ ተወልዶ ኢየሱስ የፈወሰው ስለሆነ የእርሱ ታሪክ በእርግጥ ተራ አይደለም። ነገር ግን ፈሪሳውያን ሊያዋክቡት ሲሞክሩ የመለሰውን ልብ በሉ። ስለ ኢየሱስ ማንነት የሚጠይቁትን ሁሉ አላወቀም፤ የማያውቀውን አላውቅም አለና የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ፦ «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ»። የእኛዋ ኢትዮጵያ ደግሞ የዚህን ሰው ተቃራኒ አሳይታናለች። ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት፣ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ የወለጋ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው አልበራም። ከዓይነ ስውርነታቸው ጋር በደምቢ ዶሎና በአካባቢው ወንጌልን ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ከቤቴል ቤተ ክርስቲያን መሠረት ጣዮች አንዱም ሆኑ። ተፈወስሁ ብለው የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም፤ ሰው ግን ሰማቸው። ለመመስከር ተአምር ያስፈልጋል የሚል ሰው ይህን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚያስረዳው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ታሪካችን ይህን ደጋግሞ ይነግረናል። በወላይታ የውጭ ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት አገሩን ሲለቅቁ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ የማይሞሉ ነበሩ፤ ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነው። በመካከሉ አማኞች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘግታ፣ ንብረቷ ተወርሶ፣ መሪዎቿ ሲታሰሩ የአባላቷ ቁጥር አምስት ሺህ ገደማ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ግን ከ34 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ሞንታርቦ አልነበረም፣ ኮንፈረንስ አልነበረም፣ ትራክት ማደል እስር ቤት ያስገባ ነበር። የነበረው በየቤቱ ጥቂት ሰው ሆኖ በዝግታ መዘመር ነው፤ ጎረቤት የሚያየው ደግሞ ለታሰረባት ባሏ ስንቅ እያመላለሰች የማትራገም ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ እርሷም ካልመለሰች በቀር ቁጥሩ በዚህ ፍጥነት ሊያድግ አይችልም። እንዲህ ስል ስደት ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ ያን ዘመን የሚናፍቁ ሰባኪዎች ሲያጋጥሙኝ ታስረው የነበሩትን ሄዳችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ።

መልስ የመስጠት ነገር ገደብ አለው፤ ገደቡንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 እምነትን የማስተማር ነጻነትን እንደሚያረጋግጥ ሁሉ ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት ለመያዝ ያለውን ነጻነት በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብን ይከለክላል። አለቃ ለበታቹ፣ መምህር ለተማሪው፣ አሠሪ ለቤት ሠራተኛዋ ሲመሰክሩ ሰሚው «አልፈልግም» የማለት ነጻነት ላይኖረው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዝምታ ከፍርሃት ሳይሆን ከፍትሕ የሚመጣበት ጊዜ አለ። «በዱቄትና በዘይት ሰው ይገዛሉ» የሚለው ወቀሳም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የተራበን ሰው ስናበላ ስብከቱን ከእንጀራው ጋር ካሰርነው ጠያቂው ተርቦ እንጂ ፈልጎ አልጠየቀም። እንደ ሳዑዲ ባሉ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችንን በተመለከተ ደግሞ፣ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ለእነርሱ ድፍረት ልሰብክ አልችልም። እነርሱ ራሳቸው መቼ መናገር እንዳለባቸው ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ባለፈው ክረምት በእኛ ኮንዶሚኒየም አንዲት እናት ሴት ልጃቸው ሞተችባቸው። ሠልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ አግዳሚዎቹ ወደ እድሩ መጋዘን ተመልሰው፣ ሰው ሲሳሳ ማታ ማታ እየሄድኩ ከእማማ ጋር እቀመጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አናወራም፤ ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል፣ ጎረቤት የላከው ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ይደርቃል። አንድ ምሽት ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ እናንተ ፍትሐት የላችሁም፣ ተዝካርም አታወጡም ይባላል። ታዲያ ሲሞትባችሁ ምን ትላላችሁ?» አሉኝ። አባቴን ከቀበርኩ ብዙ አልቆየሁም ነበርና የሰው መልስ መዋስ አላስፈለገኝም። «እማማ፣ አባቴን ክርስቶስ በምሕረቱ ተቀብሎታል ብዬ አምናለሁ፤ በሥራው ሳይሆን በእርሱ ደም ነው ብዬ ነው የማምነው። እንደማገኘውም አምናለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ሳሉን የማልሰማ ስሆን አለቅሳለሁ» አልኳቸው። «እሱማ ማን ይቀርለታል» አሉና እጄን ያዙኝ። ከዚያ ስለ አርባው ዝግጅት፣ ስለ ጌሾው ዋጋ፣ ስለ ካህናቱ ምግብ አወሩልኝ፤ እኔም የጎደለውን ለመግዛት መርካቶ አብሬ ሄድኩ። እማማ ዛሬም በቤተ ክርስቲያናቸው ናቸው። ማሳመን ያለብኝ ነገር አልነበረም፤ ጠየቁኝ፣ ያለኝን ተስፋ ነገርኳቸው።

ይህን ያነበበ አንድ አስተዋይ ሰው «እንግዲያው እስኪጠይቁን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት ነው?» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ «ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ» የሚለውም በጊዜው አዲስ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ማንም ምንም ካልጠየቀኝ፣ ለመጠየቅ የሚያበቃ ነገር ስላላዩብኝ ወይም ጠይቀውኝ ስቄ ስላሳለፍኳቸው መሆኑን መመርመር ይኖርብኛል። ደግሞም ቀድሞ መጠየቅ እኛንም የሚከለክለን የለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሮጦ ሲደርስ በስብከት አልጀመረም። ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማና «በእውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። ጃንደረባውም «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ሰውየው አምላክን የማያውቅ አልነበረም፤ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ የሚመለስ፣ በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው። ለእኛ ጎረቤቶች ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘሁም። ፊልጶስ ሰውየው ከያዘው ገጽ ነው የተነሣው፤ ወደ ሠረገላውም የወጣው ተለምኖ ነው።

መልስ ለመስጠት መዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ ከአንድ ወዳጄ ተምሬአለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ይሠራል። ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ ያልተገዛ ዕቃ እንደተገዛ ተደርጎ የመጣለትን ሰነድ አልፈርምም አለ። ጎኑ የሚቀመጠው ወጣት ባልደረባው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለጥምቀትና ለሠርግ ብቻ የሆነ ልጅ፣ «ምን ነካህ? ማን ያይሃል?» አለው። ወዳጄም «መመሪያው አይፈቅድም» ብሎ መለሰ። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን መልሱ እንቅልፍ ነሳው። መመሪያው አለመፍቀዱ እውነት ነው፤ ያልፈረመበት ምክንያት ግን ያ አልነበረም፤ ለሚያምን ሰው ደግሞ ከ«ማን ያይሃል» የበለጠ ግልጽ ጥያቄ ሊቀርብለት አይችልም። ወረቀት አወጣና ለምን እንደሚያምን፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ለምን እንደማይዋሽ ለራሱ ጻፈ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ የሚገቡንን አነጋገሮች፣ «ሸክም»፣ «ቅባት»፣ «ጌታ ተናገረኝ» የሚሉትን እየሰረዘ ያ ልጅ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ደግሞ ጻፈው። ከግማሽ ገጽ አልበለጠም። ወረቀቱን ለማንም አልሰጠም። በማግሥቱ ሻይ ጋበዘውና «ትናንት የነገርኩህ ግማሹን ነው» ብሎ ጀመረ።

ልጁ ብዙ ተከራከረው። ሃይማኖተኛ ሆነው የሚሰርቁ ሰዎችን በስም ጠራለት፣ ወዳጄም አልካደም። «አንተ ብቻህን ባትፈርም አገር ይለወጣል?» አለው፤ «አይለወጥም» አለው። በመጨረሻ ልጁ «ይኼ የምትለውን ኢየሱስ ከየት ነው የማነበው?» ሲለው የሉቃስን ወንጌል ነገረው፤ በስልኩ ጭኖ ማንበብ ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ምዕራፍ 3 ላይ እስከ አዳም የሚደርሰው የትውልድ ሐረግ አሰልችቶት «ይህን ልዝለለው?» ብሎ ጠየቀ፤ ወዳጄም «ዝለለው፣ ኋላ ትመለስበታለህ» አለው። ከፊት ለፊታቸው የተቀመጡት፣ ማርያምን ስለ መውደድ የሚጠይቁት ዓይነት ባልደረባ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የወንጌል ቃል እንዴት ይዘለላል? አምጣው፣ እኔ አነብልሃለሁ» ብለው ስልኩን ከእጁ ወሰዱት።